«ሲሰበር ከርሟል»፦ የመንገደኛ አውሮፕላን ገላ እንዴት ይደክማል?

አዘዞ ነን፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ከአዳራሹ ወጥተን በእግራችን ወደ አውሮፕላኑ እያመራን ነው። ከፊቴ አንዲት እናት አሉ። ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው በአንድ እጃቸው ዘንቢል ይዘዋል። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት እየሄዱ ነው። ደረጃው ሥር ስንደርስ ቆም አሉና የአውሮፕላኑን ገላ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይቺ አሮጌ ናት እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ናት እማማ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

ገባን፣ ተቀመጥን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦሌ ደረስን። መልሴ ግን ከነከነኝ። እማማ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የኔ መልስ ከማባበል አያልፍም። ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ዛሬ ልመልስ።

ጎንደር ውስጥ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። የመኪናው መንገድ ከከበደ ወዲህ ድሮ ከአውቶቡስ ሌላ የማያውቅ ሰው ሁሉ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል። ታማሚው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ለጥምቀት የሚመጣው ዘመድ። የውጭው ዜናም አያሳርፍም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2025 አሜሪካ ሉዊቪል ላይ የዩፒኤስ ኤምዲ-11 የጭነት አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የግራ ሞተሩ ከክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። አውሮፕላኑም ተከሰከሰ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመጀመሪያ ሪፖርቱ፣ ሞተሩን ከክንፉ ጋር በሚያያዘው ብረት ላይ የድካም ስንጥቅ መገኘቱን አስታወቀ። አውሮፕላኑ 34 ዓመቱ ነበር። ዜናውን ያነበበ ሁሉ «አሮጌ ስለሆነ ነው» አለ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሌስትራው

የብረት ድካም ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ አዘዞ መንገድ ላይ ካለ አንድ ጋራዥ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ባሌስትራው ተሰብሮበት መጥቷል። «ጋሼ፣ ድንገት ቋ አለብኝ» ይላል። መካኒኩ የተሰበረውን ባሌስትራ አነሱና ስባሪውን ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ና እየው» አሉኝ።

የስባሪው ፊት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጎን ጠቆር ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ዝገት የያዘ ነው። ሌላው ገና የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ስኳር ፍርክርክ ያለ። «ይሄ ጥቁሩ ድሮ የተሰነጠቀው ነው። ዛሬ የተሰበረችው ይቺ የምታብረቀርቀዋ ብቻ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረው፣ «ድንገት አይደለም ልጄ። ሲሰበር ከርሟል» አሉት።

የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎችም ስባሪ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ጥቁሩ ክፍል ላይ ውሃ ዳር እንዳለ አሸዋ የተደራረበ መስመር ይታያል። እያንዳንዱ መስመር ስንጥቁ አንድ እርምጃ የሄደበት ምልክት ነው።

ብረት በአንድ ከባድ ሸክም ሲሰበርና በብዙ ትንንሽ ሸክም ሲሰበር ይለያያል። ባሌስትራው ያን ቀን ከአቅሙ በላይ አልተጫነም። የጎዳው መጫንና መራገፍ፣ መታጠፍና መቃናት ሺህ ጊዜ መደጋገሙ ነው። ከቀዳዳ ጠርዝ፣ ከጭረት ወይም ከዝገት ጉድጓድ አጠገብ ፀጉር የማታክል ስንጥቅ ትጀምራለች። መጀመሪያ በጣም በዝግታ ታድጋለች። እያደገች ስትሄድ ትፈጥናለች፤ ሸክሙን የሚሸከመው ጤነኛ ብረት እያነሰ ነዋ። መጨረሻ ላይ የቀረው ብረት የዘወትሩን ሸክም ራሱ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቋ ይላል።

አንድ ልዩነት አለ። ባሌስትራ የሚሠራበት ዓይነት ብረት፣ ሸክሙ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ፣ ሳይደክም እጅግ ረጅም ዘመን ሊቆይ ይችላል። የአብዛኛው አውሮፕላን ገላ የሚሠራበት አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ አስተማማኝ ወለል የለውም። ሸክሙ ትንሽም ቢሆን ይጠራቀምበታል። ስለዚህ አሉሚኒየም መድከሙ አይቀርም። ወሳኙ ነገር ስንጥቁ የት እንደሚጀምርና ማን ቀድሞ እንደሚያየው ነው።

መወጠርና መርገብ

ከጎንደር ቦሌ ብዙ ጊዜ የሚያመላልሰን ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 ነው። እስከ 7,600 ሜትር ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ሲሶውን በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ሰው አይኖርበትም። ስለዚህ አየር ታምቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አገር ይሆናል።

እስቲ ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። የአዘዞው ማረፊያም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። እኛ እንግዲህ ከደጋ ተነስተን፣ በደጋ አየር ተጉዘን፣ ደጋ ወረድን። ሰውነታችን ለውጡን ብዙም አያውቀውም። አውሮፕላኑ ግን ያውቀዋል። ጫፍ ከፍታው ላይ ሲደርስ በውስጥና በውጭ ያለው የግፊት ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 4 ቶን ይጠጋል። የአንድ አይሱዙ ጭነት ከአንድ በር በማይበልጥ ቆርቆሮ ላይ ተደገፈ እንደማለት ነው። በትልልቆቹ ጄቶች ላይ 6 ቶን ገደማ ይደርሳል። ቆርቆሮው ይወጠራል። ስናርፍ ይረግባል። ቀጣዩ በረራ ላይ እንደገና ይወጠራል።

አንድ መነሳትና አንድ ማረፍ በሙያው ሰዎች ቋንቋ አንድ «ሳይክል» ይባላል። ከቦሌ ለንደን ከ7 ሰዓት በላይ የሚበር አውሮፕላን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሳይክል ብቻ ይቆጥራል። የአገር ውስጡ በዚያው ሰዓት ጎንደር ደርሶ፣ ቦሌ ተመልሶ፣ ደግሞ ጅማ ሊነሳ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከፋብሪካ ቢወጡ እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ እኩያ አይደሉም። የእማማ ጥያቄ «ስንት ዓመቷ ነው?» ከሚሆን «ስንት ጊዜ ተነስታ ወርዳለች?» ቢሆን ልክ ይመጣ ነበር።

ዓለም ይህን የተማረው በሞት ነው። የእንግሊዙ ኮሜት በ1952 ሥራ ሲጀምር የዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነበር። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 አንዱ ከሮም እንደተነሳ ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበተነ፤ 35 ሰው አለቀ። ኤፕሪል 8 ሌላው ኔፕልስ አጠገብ 21 ሰው ይዞ ጠፋ። የመጀመሪያው 1,290 ጊዜ፣ ሁለተኛው 900 ጊዜ ብቻ ነበር አየር ታምቆባቸው የበረሩት። ሁለቱም ገና አዲስ ነበሩ።

መርማሪዎቹ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ላይ አንድ ኮሜት ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው በውሃ ግፊት ደጋግመው ወጠሩት፣ አረገቡት። ቀድሞ የበረረው ተደምሮ 3,057ኛው ላይ ገላው ተቀደደ። ውጥረቱ የተከማቸው መስኮትና ሌሎች ክፍተቶች ጥግ ላይ፣ ከሪቬት (ቆርቆሮዎችን የሚያያይዝ ምስማር) ቀዳዳዎቹ አጠገብ ነበር። ዛሬ የምንቀመጥባቸው አውሮፕላኖች መስኮት ጥጉ በደንብ የተከበበ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ በጣም የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ቀድሞ አንድ ገላ ፈትኖ ነበር። ያ ገላ 16,000 ዙር ቆየ። ሁሉም ተማመነ። ነገር ግን ያው የሙከራ ገላ ከዚያ በፊት ለሌላ ፈተና ከመደበኛው እጅግ በበለጠ ግፊት ተወጥሮ ነበር። አንዴ በኃይል መወጠሩ የመስኮቱን ጥግ ብረት አጠነከረው። መንገደኛ የሚጭኑት ግን ያን ያህል አልተወጠሩም። ስለዚህ ፈተናው የነገራቸው ዕድሜ የእነሱ ዕድሜ አልነበረም።

ከዚያ ሃዋይ። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ ኤርላይንስ ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ እየበረረ ነበር። ከደሴት ደሴት የሚዘል አጭር መስመር ነው፤ እንደኛው የአገር ውስጥ በረራ ማለት ነው። በ19 ዓመቱ 89,680 ሳይክል ቆጥሯል። 7,300 ሜትር ላይ ሳለ ከፊት በኩል የጣሪያው 5.5 ሜትር ያህል ተገንጥሎ በረረ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በክፍተቱ ተወስዳ ሞተች። 65 ሰው ቆሰለ። አብራሪዎቹ በዚያ ሁኔታ ማዊ ደሴት ላይ ማሳረፋቸው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ምን ሆኖ ነው? የገላው ቆርቆሮ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ሁለቱ ቆርቆሮዎች የሚደራረቡበት ቦታ በማጣበቂያም በሪቬትም የተያያዘ ነው። ማጣበቂያው ለቀቀ። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ገባበት፣ ዛገ። ሸክሙ ሁሉ ሪቬቶቹ ላይ ወደቀ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ትንንሽ ስንጥቅ ወጣ። አንዷ ብቻዋን ብትሆን ምንም አላደረገችም ነበር። በተርታ ሲሆኑ ግን እንደ ቴምብር ዳር የተበሳሳ ወረቀት ሆነ፤ ሲቀደድ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ጎንደር ባሕር የለም፣ የጣናም ውሃ ጨው የለውም። ግን ዝገት የግድ ባሕር አይፈልግም። ከመጸዳጃ ቤቱና ከምግብ ማዘጋጃው ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ የወለሉን ብረት ይበላል። ጠጋኞች ወለል እየነቀሉ የሚያዩት ለዚህ ነው።

እራፊው

አሁን ወደ አደጋው። ሰው አደጋ ሲባል የሚታየው መከስከስ ነው። ለአውሮፕላን ገላ ግን ትንሹ አደጋ ሊከፋ ይችላል፤ ማንም ያልተጎዳበት፣ ተጠግኖ የተረሳው። ሲያርፍ በኃይል መውደቅ፣ ጭራ አስፋልት መንካት፣ የክረምት በረዶ ድብደባ፣ ሻንጣ የሚጭን መኪና በር ላይ ገጨት ማድረግ። በዚያ ቀን ምንም አይሆንም። የድካሙ ቆጠራ ግን ከዚያ ቦታ እንደ አዲስ ይጀምራል።

በጁን 1978 የጃፓን ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ኦሳካ ላይ ሲያርፍ ጭራው አስፋልቱን መታ። ከኋላ የታመቀውን አየር የሚገድበው ጉልላት መሳይ ግድግዳ ተጎዳ። ከቦይንግ የመጡ ባለሙያዎች ጠገኑት። የግድግዳውን ሁለት ክፍሎች ለማያያዝ አንድ ወጥ ቆርቆሮ መግባት ነበረበት፤ ሸክሙን ሁለት ረድፍ ሪቬት እንዲካፈለው። የገባው ግን ለሁለት የተቆረጠ ቆርቆሮ ነው። ሸክሙ አንድ ረድፍ ላይ ወደቀ። ከላይ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም።

አውሮፕላኑ እንዲህ ሆኖ 7 ዓመት በረረ። ከ12 ሺህ ጊዜ በላይ ተነሳ፣ አረፈ። ኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ በተነሳ በ12 ደቂቃው ግድግዳው ተቀደደ። የፈነዳው አየር የጭራውን ቋሚ ክንፍ ገነጠለው፤ መሪው የሚሠራባቸው አራቱም የሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት የሚሠሩ) መስመሮች ተበጠሱ። አብራሪዎቹ ከ30 ደቂቃ በላይ የሞተር ኃይል ከፍና ዝቅ እያደረጉ ታገሉ። ከ524 ሰው የተረፉት 4 ናቸው። በአንድ አውሮፕላን ብቻ ከደረሱ አደጋዎች እስከ ዛሬ የዚህን ያህል ሰው የጨረሰ የለም።

የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ 747 ታሪክም ወንድሙ ነው። በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ጭራው መሬት ነካ። የተጫረው ቆርቆሮ እንደ ደንቡ ተቆርጦ አልወጣም፤ ከላዩ ሌላ ቆርቆሮ ተለጠፈበት። ልብስ ሰፊ ይህን ያውቀዋል። የሳሳ ጨርቅ ላይ ጠንካራ እራፊ ሲጣፍ የሚቀደደው ከእራፊው ዳር ነው። እዚህ ደግሞ እራፊው ጭረቱን ከዓይን ሸፈነው። ከ22 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 25 ቀን 2002፣ አውሮፕላኑ ታይዋን አጠገብ አየር ላይ ተበታተነ። 225 ሰው ሞተ። ከአደጋው በፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ በእራፊው ዙሪያ ቡናማ ምልክት ነበር። ውስጥ ሲጋራ ይጨስ በነበረበት ዘመን በክፍተቱ የሾለከ የጭስ ቅሪት ነው። ገላው «ተቀድጃለሁ» እያለ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው ከአውሮፕላኑ ዕድሜ ይልቅ መዝገቡ የሚያሳስበኝ። መቼ ተመታ፣ ማን ጠገነው፣ በየትኛው ደንብ፣ ማን ፈረመ። ያልተመዘገበ ግጭት ከተመዘገበ ስንጥቅ ይከፋል። ቴክኒሻን ስህተቱን ሲናገር የሚቀጣበት ቦታ ላይ መዝገቡ ንጹሕ ይመስላል፤ ገላው ግን አይደለም።

ናፍጣና ጠመኔ

ወደ ጋራዡ ልመልሳችሁ። ጋሼ የቀሩትን የባሌስትራ ቅጠሎች ዝም ብለው አልመለሱም። በናፍጣ አጠቧቸው። ትንሽ ጠበቁ። በጨርቅ አጥርገው አደረቋቸው፤ ከዚያ ነጭ ጠመኔ ቀቧቸው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ በአንዱ ቅጠል ላይ በነጩ መሃል ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥታ ነበር። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ናፍጣ ነው፣ ጠመኔው መጦ ያወጣው። ሹፌሩ ዝም ብሎ አያት።

በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር የሚሠራው ፈተና ከዚህ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ዓይን የማይደርስበትን ደግሞ በኤሌክትሪክ መግነጢስ በሚሠራው ኤዲ ከረንት፣ በኤክስሬይ፣ እርጉዝ ሴት በምትታይበት ዓይነት አልትራሳውንድ ይመረምሩታል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የንድፉ ሐሳብም ተለውጧል። ድሮ «አንዱ ክፍል ቢሰበር ሌላው ይሸከማል» ይባል ነበር። ዛሬ መሐንዲሱ ስንጥቅ አለ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ያሰላል፦ ይህ ስንጥቅ ከሚታይበት መጠን ተነስቶ አደገኛ እስኪሆን ስንት ሳይክል ይፈጅበታል? ምርመራው በዚያ መሃል ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲደርስ ይደረጋል፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው እንዲይዘው። ለትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖችም ከዚህ በላይ አይበሩም የሚባል ጣሪያ ተቀምጧል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ስሌት የሰው ግምት ነው። የሉዊቪሉ ኤምዲ-11 ሲወድቅ 21 ሺህ ሳይክል ገደማ ቆጥሮ ነበር። የዚያ ማያያዣ ልዩ ምርመራ ቀኑ የሚደርሰው ገና ወደ 28 ሺህ ግድም ነው። ስንጥቁ ቀጠሮ አልጠበቀም። ስለዚህ «በጊዜው ተመርምሯል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃኝም። በአንዱ አውሮፕላን ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሲገኝ የሌሎቹም ሁሉ ቀጠሮ መቅረብ አለበት።

አዳዲሶቹስ? ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ የካርቦን ፋይበር ውጤት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ባለቤት ሆነ። ይህ ገላ አይዝግም፤ የግፊቱን ድካምም ከአሉሚኒየም በተሻለ ይቋቋማል። ጠላቱ ሌላ ነው። ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ተደራርቦ የተጣበቀው ሊላቀቅ ይችላል። መፍቻ ቢወድቅበት እንኳ። ከሚፈተሽባቸው መንገዶች አንዱ ማንኳኳት ነው። ወለቃ ላይ ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን እንደሚያዳምጠው ማለት ነው፤ የደነዘ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ችግር አለ። ጁላይ 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ቆማ የነበረችው «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የአየር መንገዱ 787 በአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ መሣሪያ ባትሪ ምክንያት ከጭራ በኩል ጣሪያዋ ተቃጠለ። ውስጧ መንገደኛ አልነበረም። ያን ያህል የተጎዳ የካርቦን ገላ መጠገን ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ተጠግና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ሥራ ተመለሰች።

እማማን አንድ ቀን ባገኛቸው እንዲህ እላቸው ነበር። ስንት ዓመቷ እንደሆነ ብቻውን ብዙ አይነግረንም እማማ። ስንት ጊዜ እንደወጣች እንደወረደች፣ ስትመታ ማን እንዳከማት፣ ሕመሟን ማን እንደጻፈው ነው ቁም ነገሩ። ደግሞም ዳሰስ ማድረግዎ ጥሩ ነው፤ አዘዞ በእግር ስለምንሄድ ገላዋን ከቅርብ እናያታለን። ያልለመዱት ነገር ካዩ ሳያፍሩ ለአስተናጋጇ ይንገሯት። ምንም ካልሆነ ምንም አይደለም ይሉዎታል።

በዚያ የአሎሃ በረራ ቀን፣ ሂሎ ላይ አንዲት መንገደኛ በሩ ላይ ስትደርስ ገላው ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር። በሪቬቶቹ ተርታ የሄደ ረጅም ስንጥቅ። በኋላ ለመርማሪዎቹ ተናገረች። ያን ጊዜ ግን ለማንም ሳትናገር ገብታ ተቀመጠች።